ጋዝ እያለ በብርድ፦ የፈርነሳችን ወናፍና የጭስ መውጫው ታሪክ

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ የኤርፖርቱንም ወረፋ አላነሳም። ዛሬ የማወራው ቤዝመንት ውስጥ ተደብቆ የብርዱን ወራት ሙሉ ስለሚያገለግለን፣ አብዛኞቻችን ግን ዞር ብለን አይተነው ስለማናውቀው ስለ ፈርነስ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍሉና አንብቡት። ቡናው ግን በከሰል ባይሆን እመርጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ከአንድ ጥያቄ ልጀምር። ዲሴምበር 14 ቀን 2006 ሌሊቱን የነፈሰውን ነፋስ ያኔ ሲያትል የነበራችሁ አትረሱትም። ሲታክ ኤርፖርት ላይ በሰዓት 69 ማይል ተለካ። ዛፉ በመብራት ገመድ ላይ እየተጋደመ በዋሽንግተን ስቴት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፋበት፤ አንዳንዱ ሰፈር ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆየ። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው አፓርታማ መብረዱ ግልጽ ነው። የጋዝ መስመር ግን የሚሄደው ከመሬት በታች ነው፤ ዛፍ አይወድቅበትም፤ ነፋስ አይበጥሰውም። ታዲያ በጋዝ የሚሞቀው ቤት ለምን በረደ?

መልሱ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ጋዙ እስከ ፈርነሱ በር ድረስ መጥቶ ቆሟል፤ የሚያራግበው ወናፍ ግን መብራት የለውም። ብርዱ ሲበረታ ሰው ከሰሉን ወደ ሳሎን፣ ጄነሬተሩን ወደ ጋራዥ አስገባ። ከዲሴምበር 15 እስከ 24 ባሉት ቀናት በኪንግ ካውንቲ ብቻ 259 ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመረዙ፤ ስምንቱ ሞቱ። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የዚህን ከተማ ጋዝ፣ የወናፉንና የጭስ መውጫውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጋዙ ከየት መጣ?

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሌክ ዩኒየን ዳር ያለውን ጋዝ ወርክስ ፓርክ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። እነዚያ የዛጉ ትልልቅ ማማዎች ጌጥ አይደሉም፤ የጋዝ ፋብሪካ ነበሩ። ፋብሪካው ከ1906 እስከ 1956 ድረስ መጀመሪያ ከድንጋይ ከሰል፣ ኋላም ከነዳጅ ዘይት ጋዝ እያመረተ ለከተማው ቤቶች ያድል ነበር። እኔ እዚያ ቱሪስት ሳወርድ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ነው። የማይጠየቀው ግን ይበልጣል፤ በዚያ ዘመን የሚመረተው ጋዝ በራሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበረበት። ሳይቃጠል ከቧንቧው ቢያመልጥ እንኳን ይገድል ነበር።

በ1956 ከኒው ሜክሲኮ በኩል የተዘረጋው የተፈጥሮ ጋዝ መስመር ሰሜን ምዕራብ ሲደርስ ፋብሪካው ተዘጋ። በ1975 ቦታው ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለበትም። መርዙ የሚፈጠረው ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል ነው። ስለዚህ አደጋው ከቧንቧው ወደ ማቃጠያው ተዛወረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ጋዝ ቢያፈስ ይሸተኛል» ይላል። አዎ፣ ያልተቃጠለ ጋዝ ይሸታል፤ ሽታውን ግን ሰው ነው የጨመረበት። በ1937 ኒው ለንደን በሚባል የቴክሳስ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ሽታ የሌለው ጋዝ ሞልቶበት ፈነዳና ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጋዝ ሽታ ይግባበት የሚለው ሕግ የጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የሚጨምርለት የለም። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም። እያሳሳቀ እንደሚወስደው ውሃ ነው።

ወናፉ

የድሮዎቹ የአሜሪካ ፈርነሶች ማራገቢያ አልነበራቸውም። ቤዝመንት ውስጥ እሳቱ ይነድዳል፣ የሞቀው አየር ቀላል ስለሆነ በወፋፍራም ቱቦዎች ራሱ ሽቅብ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ደግሞ ይወርዳል። ቱቦዎቹ በየአቅጣጫው ስለሚዘረጉ ሰው «ኦክቶፐስ» ይላቸው ነበር። በሲያትል አሮጌ ቤቶች ቤዝመንት ውስጥ ዛሬም አንዳንዴ ቅሪታቸው ይገኛል። በ1919 አሊስ ፓርከር የተባለች የኒው ጀርሲ ሴት በጋዝ የሚሠራ፣ ሙቀቱን በየቱቦው ለየክፍሉ የሚያከፋፍል ፈርነስ ነድፋ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘች። በ1930ዎቹ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያለው ፈርነስ ተስፋፋ። መጀመሪያ ሞተሩ ማራገቢያውን የሚያዞረው በቺንጋ ነበር፤ በኋላ ሞተሩ ራሱ ማራገቢያው መሐል ገባ። ብሎወር የምንለው ይህ ነው።

ብሎወሩን ወናፍ ያልኩት ሥራው አየር መግፋት ስለሆነ ነው፤ ግን ከአንጥረኛው ወናፍ በአንድ ነገር ይለያል። የአንጥረኛው ወናፍ አየሩን ወደ እሳቱ ይነፋል። ብሎወሩ ግን እሳቱን በጭራሽ አይነካም። ሾፌር በሾፌር ቋንቋ ልንገራችሁ። የመኪናችሁ ሂተር የሚሞቀው በሞተሩ ሙቀት ነው፤ ወደ ፊታችሁ የሚነፋው አየር ግን ከሞተሩ ጭስ ጋር አይገናኝም። ጭሱ በማርሚታ በኩል ወደ ውጭ፣ ሙቅ አየሩ ወደ ውስጥ። ፈርነስም እንደዚያው ነው። እሳቱ የሚነደው ሂት ኤክስቼንጀር በሚባል ብረት ውስጥ ነው፤ ብሎወሩ የቤታችሁን አየር ስቦ በዚያ ብረት ውጫዊ ገጽ ላይ ያሳልፈዋል። የምትተነፍሱት አየርና የሚቃጠለው አየር አንድ ስስ ብረት ብቻ ይለያቸዋል። የፈርነስ ጥገና ማለት በአጭሩ እነዚህ ሁለት አየሮች እንዳይገናኙ መጠበቅ ነው።

የቤቱ ማርሚታ

አሁን ወደ ጭስ መውጫው። የድሮው ፈርነስ ጭሱን የሚያስወጣው በሙቀቱ ኃይል ብቻ ነበር፤ ትኩስ ጭስ በጡብ ጭስ ማውጫ ሽቅብ ይሄዳል። ቱቦው መነሻ ላይ ወደ ክፍሉ ክፍት የሆነ አፍ ነበረው። ጭሱ ሽቅብ ካልሄደ በዚያ አፍ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤቱ ራሱ በየመስኮቱና በየበሩ ቀዳዳ የሚተነፍስ ከሆነ ነው።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አሜሪካ ቤቱን መድፈን ጀመረ። መስኮቱ ድርብ ሆነ፣ ግድግዳው ተሞላ፣ ቀዳዳው ተለሰነ። ቆጣቢ ፈርነስም ተፈለገ። በ1982 ሌኖክስ ጭሱን እስከ መጨረሻው ጨምቆ ውሃ የሚያደርግ ፈርነስ ገበያ ላይ አወጣ። በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ የሚመረት ፈርነስ ከጋዙ ቢያንስ 78 በመቶውን ወደ ሙቀት እንዲለውጥ አዘዘ። ብዙ ሙቀት ወደ ቤት ሲገባ ጭሱ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ በራሱ ሽቅብ አይወጣም። ስለዚህ ሁለተኛ ትንሽ ማራገቢያ ተጨመረ፤ ሥራዋ ጭሱን ጎትቶ ማስወጣት ብቻ ነው።

ዛሬ ቴርሞስታቱን ከፍ ስታደርጉ የምትሰሙት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ትንሿ ማራገቢያ ትነሳለች። አንድ ስዊች ጭስ መውጫው በትክክል እየሳበ መሆኑን ያረጋግጣል። ማቀጣጠያው ይግላል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጋዙ ይከፈታል። እሳቱ መያዙን ሌላ መሣሪያ ያያል። ብረቱ ሲሞቅ ትልቁ ብሎወር ይነሳል። ከእነዚህ አንዱ ካልሆነ ጋዙ ይዘጋል። እያንዳንዱ እርምጃ በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ፈርነሱ የሚቆመው ተበላሽቶ ሳይሆን እንዳይገድላችሁ ነው። የ2006ቱ ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይኸው ነው።

ሁሉም ወደሚያውቀው እሳት ሮጠ

እኔን የሚያሳዝነኝ የ2006ቱ የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 1993፣ ክሊንተን ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን፣ ተመሳሳይ ነፋስ መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ 81 ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው መታከማቸውን ሐኪሞች መዝግበዋል። 44ቱ የተመረዙት ቤት ውስጥ በነደደ ከሰል ነው፤ ከእነዚህ 40ዎቹ ነጭ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች አባላት ነበሩ፤ 27ቱ እንግሊዝኛ አይናገሩም። በጄነሬተር የተመረዙት ደግሞ በሙሉ ነጮች ነበሩ።

ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ አንብቡት። «የኛ ሰው አያውቅም» የሚል ወሬ በየካፌው እሰማለሁ። ነጩ አሜሪካዊስ እንግሊዝኛውን እያነበበ ጄነሬተር ጋራዥ ውስጥ ለምን አስነሳ? ሁሉም ወደሚያውቀው እሳት ነው የሮጠው። የኛ ሰው የሚያውቀው እሳት ከሰል ነው።

ስለ ከሰል ደግሞ ብዙ እናውቃለን። አገር ቤት ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው። እናቶቻችን በማራገቢያ እያራገቡ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ፍሙ ሲቀላ ነው ምድጃው ወደ ቤት የሚገባው። ማድ ቤቱም ከዋናው ቤት ተለይቶ ነው የሚሠራው። የገጠሩ ጎጆ ጭሱን በሣር ክዳኑ ውስጥ እያሾለከ ያስወጣል፤ የከተማው ቤት በቆርቆሮውና በግድግዳው መሐል፣ በበሩም ሥር ይተነፍሳል። ይህ ሁሉ እውቀት ነው። ግን እውቀቱ ለዚያ ቤት የተሠራ ነው። ጭሱ የጠፋለት ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይዱን አላቆመም፤ እንዲያውም በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። እዚያ ያተረፈን የፍሙ መቅላት ሳይሆን የቤቱ ቀዳዳ ነበር። እዚያም ቢሆን ሁልጊዜ አላተረፈንም፤ በአዲስ አበባ በብርዱ ሌሊት ከሰል አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው በዚያው ያሸለቡ ስንት ናቸው! ያንኑ ፍም እዚህ ድርብ መስኮት ባለው የኬንት ወይም የተክዊላ አፓርታማ ውስጥ አስገቡት፤ ቀዳዳ የለም፣ የሚወጣበት የለም።

ከ1993ቱ በኋላ ምን ተደረገ? የፌዴራሉ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን በ1996 ደንብ አወጣ፤ ከኖቬምበር 1997 ጀምሮ የከሰል ከረጢት ላይ ሥዕል ተለጠፈ። ማንበብ ለማይችል እንዲገባው ቤት፣ ድንኳንና መኪና ውስጥ የተቀመጠ ምድጃ ላይ የኤክስ ምልክት ተደረገ። ጥሩ ነው። ግን ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የ2006ቱ ነፋስ ሲመጣ ምን ሆነ? የጤና ባለሙያዎች የተመረዙትን በቤተሰብ ሲቆጥሩ ከ86 ቤቶች 50ዎቹ የስደተኞች ሆነው ተገኙ። 21ዱ ከአፍሪካ የመጡ ናቸው። ከስደተኞቹ ቤቶች 82 በመቶው ያነደደው ከሰል ነበር። ጋዜጣና የጤና ቢሮ ማስጠንቀቂያውን በብዙ ቋንቋ ማውጣት የጀመሩት ሰው ሆስፒታል መግባት ከጀመረ በኋላ ነው። መብራት በጠፋበት ከተማ ደግሞ ቴሌቪዥኑም ዝም ብሏል። ሥዕሉ ከረጢቱ ላይ ነበረ፤ «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» የሚለውን የእናታችንን ትምህርት ግን የሚመልስ ሰው አልነበረም። የጎደለው ይህ ነው። ይህን ክፍተት ደግሞ ከኛ በቀር የሚሞላው የለም።

በ2009 የስቴቱ ሕግ አውጪዎች የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ግዴታ እንዲሆን ወሰኑ፤ ለአዲስ ቤቶች ከጃንዋሪ 2011፣ ለነባር ኪራይ ቤቶችና አፓርታማዎች ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ። ስለዚህ ተከራይ የሆናችሁ አላርሙን ከአከራያችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ባትሪውን መከታተል ደግሞ የናንተ ነው።

እንግዲህ ቤዝመንት ውረዱ

ታሪኩን ያወራሁት ለዚህ ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 2024 በመጣው ነፋስ እንኳን በምዕራብ ዋሽንግተን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፍቶበታል። ነፋሱ ይመለሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እነዚህን ተመልከቱ።

ፊልተሩን በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ ቀይሩ። ቀስቱ ወደ ብሎወሩ ይዙር። ፊልተር ሲደፈን ብሎወሩ አየር ያጣል፣ ሂት ኤክስቼንጀሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ግሎ እየበረደ ሲኖር ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሁለቱን አየሮች የሚለየው ብረት ተበሳ ማለት ነው።

የብሎወሩ በር በደንብ ይዘጋ። በሩ ላይ ያለችውን ስዊች በፕላስተር አስሮ የሚያስነሳ ሰው አይቻለሁ። ተከፍቶ የሚሠራ ብሎወር እሳቱ ካለበት ክፍል አየር ይስባል፤ መውጣት የነበረበትን ጭስ ጎትቶ በየመኝታ ቤቱ ያድላል።

የጭስ መውጫውን ቱቦ በዓይናችሁ ተከተሉት። የብረት ከሆነ ከፈርነሱ እስከ ጭስ ማውጫው ድረስ በየአንዱ ጫማ ቢያንስ ሩብ ኢንች ሽቅብ ማዘንበል አለበት። ወደ ታች የተንጋደደ፣ የዛገ፣ መጋጠሚያው የለቀቀ ካያችሁ ባለሙያ ጥሩ። ነጭ ፕላስቲክ ከሆነ ግን አቀማመጡ ተቃራኒ ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ውሃ እንዲመለስ ወደ ፈርነሱ ያዘነብላል። ውጭ ያለውን አፉን ቅጠል፣ በረዶና የወፍ ጎጆ አይዝጋው።

አዲስ ቆጣቢ ፈርነስ ያስገባችሁ ደግሞ የውሃ ማሞቂያችሁን አትርሱ። ድሮ ሁለቱ በአንድ ሰፊ ጭስ ማውጫ ይወጡ ነበር። ፈርነሱ የራሱን ፕላስቲክ ቱቦ ይዞ ሲሄድ ማሞቂያው ለብቻው ይቀራል፤ የሱ ትንሽ ጭስ ያን ሰፊ ጉድጓድ ማሞቅ ስለማይችል ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ገጣሚውን «የውሃ ማሞቂያውስ ጭስ እንዴት ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ሰው ፈልጉ። ፈቃድ ሳይወጣ በርካሽ የሚገጠም ፈርነስም ይቅርባችሁ፤ የሚቀረው ቁጥጥሩ ነው።

አላርሙ በየፎቁና ከመኝታ ቤት ውጭ ይኑር። ግድግዳ ላይ ብቻ የሚሰካ ከሆነ መብራት ሲጠፋ እሱም ይተኛል፤ ባትሪ ያለው ይሁን። ጀርባውን አዙራችሁ ዘመኑ ያለፈበት መሆኑን እዩ።

መብራት ሲጠፋ ከሰል ለአንድ ጀበና እንኳን ቢሆን ቤት ውስጥ አይነደድም፤ ጋራዥም ቤት ነው። በጋዝ ምድጃ ኦቨን ቤት አይሞቅም። ጄነሬተር ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ፣ ጭሱ ወደ መስኮት ሳይዞር ይቁም። አንድ ክፍል መርጣችሁ ብርድ ልብስ ደራርባችሁ አንድ ላይ ሁኑ፤ ካልተቻለ መብራት ያለው ዘመድ ዘንድ ሂዱ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም የቤቱን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከያዘ፣ ደጅ ስትወጡም ቀለል ካላችሁ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። መስኮት ልክፈት፣ ልብስ ልልበስ ሳትሉ ውጡና 911 ደውሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደማችን ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ጠንክሮ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ አየር ብቻ አይበቃም፣ ኦክስጅን ያስፈልጋል። በ1993ም በ2006ም ብዙዎቹ የታከሙት እዚሁ ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል ባለው የኦክስጅን ክፍል ነው።

ይህን ጽሑፍ ሼር ከማድረግ የሚበልጥ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት ያላችሁ፣ ዛሬ ደውሉላቸው። «ከሰል አደገኛ ነው» ብቻ አትበሏቸው፤ ያውቁታል። «እማማ፣ ፍሙ ቢቀላም፣ ጭስ ባይኖረውም፣ ይህ ቤት አይተነፍስም» በሏቸው። ቸር ያሰማን።